«ስንተኛ ወጣህ?»
የማራቶን ሩጫ ታሪክ ለመምህራን የሚነግረው ነገር

የዓመቱ ትምህርት ተፈጽሞ ተማሪው የውጤት ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በመንገድ የሚያገኘው ዘመድም ሆነ ጎረቤት አስቀድሞ የሚያቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል። ምን ተማርህ፣ የትኛው ትምህርት አስቸገረህ፣ ከአምናው ዘንድሮ ምን ጨመርህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከብዙዎች መካከል አንድ ቢገኝ ነው። ይህንንም ጥያቄ ሕዝቡ ከራሱ አላመጣውም፤ የተማሪውን ደረጃ በካርዱ ግርጌ እየጻፍን ያለማመድነው እኛው መምህራን ነን።

ለሯጭ የሚቀርብለትም ጥያቄ ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሚያስተምር እንጂ ሯጭ ተብሎ የሚጠራ ሰው አይደለም። ነገር ግን ዕድሜው ሠላሳን ከተሻገረ በኋላ፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት ባለው የማለዳ ሰዓት እየተለማመደ፣ በመጀመሪያው ጊዜ መንገድ ላይ አቋርጦ፣ በሁለተኛው ግን ሙሉውን ማራቶን ለመፈጸም በቅቷል። የፈጀበትም ጊዜ 4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነበር። ከመድረሻው በደረሰ ጊዜ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ሰዓት ያዦቹም ሄደው ነበር። በዕድሜ የገፉ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ የተጣለውን የውሃ ጠርሙስ ይለቅሙ ነበርና «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አሉት። ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ሲገባ ዕጩ መምህራኑ ወሬውን ሰምተው ስለ ነበር በአንድ ድምፅ «መምህር፣ ስንተኛ ወጡ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ቁጥሩን ስለማያውቀው «ጨረስሁ» ብሎ መለሰ። ተማሪዎቹ በአክብሮት ዝም አሉ፤ መልሱ ግን መልስ ሆኖ እንዳልታያቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ለዚያ ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት የማራቶንን ሩጫ ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአሸናፊዎቹ ስም ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ ኑሯቸውን በሌላ ሥራ እየገፉ ስለ ሮጡት ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ይልቁን በመምህርነት ሥራ ስላለፉት እንናገራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማተር የሚለው ቃል

ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚወዳደር ስፖርተኛ «አማተር» ይባላል። የቃሉ መሠረት ላቲን ሲሆን ትርጓሜውም «ወዳጅ» ወይም «አፍቃሪ» ማለት ነው። የማራቶን ሩጫ ገና ሲጀመር የዚህ ዓይነት ሰዎች ሥራ ነበር።

የሩጫው መነሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ግሪኮች ፋርሶችን በማራቶን ሜዳ ድል ባደረጉ ጊዜ የምሥራቹን ይዞ ወደ አቴና የሮጠ መልእክተኛ ነው ይባላል። ሆኖም ለዘመኑ ቅርብ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የሚናገረው ርዳታ ለመጠየቅ ከአቴና ወደ ስፓርታ ስለ ተላከ ሯጭ ነው፤ ምሥራቹን ነግሮ ወድቆ ሞተ የሚለው ወሬ የተጻፈው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ጥንታዊ ወሬ ወደ ውድድር የለወጠው ሚሼል ብሬያል የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅና መምህር ነው። እርሱ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ በ1896 አቴና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ 17 ሯጮች ከማራቶን ተነሥተው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጡ። ያሸነፈውም ስፒሪዶን ሉዊስ የተባለ የማሩሲ መንደር ሰው ሲሆን፣ ሥራው ውሃ እያመላለሰ መሸጥ ነበር። የፈጀበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ሉዊስ ከድሉ በኋላ ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ዳግመኛም አልተወዳደረም።

ይሁን እንጂ አማተር የሚለው ስም ሌላ ገጽታም ነበረው። በዚያው በ1896 ካርሎ አይሮልዲ የሚባል ጣልያናዊ ሯጭ በአቴና ለመወዳደር ፈልጎ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ስላጣ፣ ከሚላኖ ተነሥቶ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ አቴና ደረሰ። ነገር ግን ከዚያ በፊት በሩጫ የገንዘብ ሽልማት ተቀብሎ ነበርና አማተር አይደለህም ተብሎ ተከለከለ። በ1932ም ታላቁ የፊንላንድ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን ለመሮጥ ሲዘጋጅ በዚሁ ዓይነት ክስ ታገደ። ደንቡ የተጻፈው ስለ ስፖርት ንጽሕና ነው ቢባልም፣ ሸክሙ የወደቀው ጊዜም ሀብትም በሌለው ሰው ላይ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደንቡ እየላላ ሄዶ ቀረ። እኛ በዚህ ጽሑፍ አማተር ስንል ደንቡን ትተን የቃሉን የመጀመሪያ ትርጓሜ፣ ማለት ወዳጅነቱን እንወስዳለን።

የሩጫው ርዝመት ዛሬ የምናውቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነው በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ሲሆን፣ በደንብ የጸናው በ1921 ነው። ከሁለቱ ዘመናት መካከል ግን ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚነግረን አንድ ቀን አለ።

የስቶክሆልም ቀን

ጁላይ 14 ቀን 1912 በስቶክሆልም የኦሊምፒክ ማራቶን ተደረገ። ቀኑ ለስዊድን አገር ያልተለመደ ሙቀት ነበረበት፤ ቴርሞሜትሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ያሳይ ነበር። 68 ሯጮች ተነሥተው ሩጫውን የፈጸሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ኬን ማክአርተር የተባለ ፖሊስ ነበር። ፍራንሲስኮ ላዛሮ የተባለው ፖርቱጋላዊ አናጢ ግን መንገድ ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። በዚያው ቀን በዚያው መንገድ ላይ ሁለት ሌሎች ሰዎች ይሮጡ ነበር። አንደኛው መድረሻውን ሳያይ ቀረ፤ ሁለተኛው 12ኛ ወጣ። የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበር፤ ሁለተኛው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተማረ ነው።

የመጀመሪያው ሺዞ ካናኩሪ ይባላል። በ1891 በጃፓን በኩማሞቶ አውራጃ ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ ሩቅ ስለ ነበር በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር፤ ይህ ለእኛ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራን እንግዳ ወሬ አይደለም። በ1910 ወደ ቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የጁዶን ትግል የመሠረተውና ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆነው ጂጎሮ ካኖ ነበር። ካኖ ስፖርትን ከመምህርነት ሥልጠና ያልተለየ የትምህርት ክፍል አድርጎ ይቆጥር ነበርና ዕጩ መምህራኑን ሁሉ ያስሮጥ ነበር። በ1911 ለኦሊምፒክ በተደረገው ማጣሪያ ካናኩሪ አሸነፈ። ለመንገዱ የሚሆነውን ገንዘብ የትምህርት ቤቱ ጓደኞቹና ወገኖቹ አዋጥተው፣ በመርከብና በሳይቤሪያ የባቡር ሐዲድ ብዙ ቀን ተጉዞ ስቶክሆልም ደረሰ።

በዚያ ዘመን ሯጭን እንዴት ማሠልጠን እንደሚገባ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ውሃ አለመጠጣት ሰውነትን ያጸናል፣ ላብን ማውጣት ያቀላል ይባል ነበር፤ ካናኩሪም በልምምዱ ጊዜ ይህን ሞክሮ ተጎድቶበታል። እግሩ ላይ ያደረገው የጃፓን ሠራተኞች የሚለብሱትን «ታቢ» የተባለ የጨርቅ ጫማ ነበር። በውድድሩ ቀን ከግማሽ መንገድ በኋላ ሙቀቱ አሸነፈውና ራሱን ሳተ፤ በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች አንሥተው አስታመሙት። እርሱም አፍሮ ለውድድሩ ሹሞች ሳይነግር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለዚህ በስዊድን መዝገብ ስሙ ከጨረሱትም ካቋረጡትም ሳይቈጠር «የጠፋ ሯጭ» ሆኖ ለብዙ ዓመታት ኖረ።

ካናኩሪ ስንተኛ ወጣ? ቁጥር የለውም። ያደረገውን ግን እንመልከት። ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ በውድቀቱ ላይ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ መምህር ነበርና ምክንያቱን መረመረ። ሙቀትን ለመልመድ በበጋ ፀሐይ መሮጥ ጀመረ፤ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጋራ ሆኖ ታቢውን ለረዥም ሩጫ እንዲስማማ አሻሻለው። የ1916ቱ ኦሊምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረበት፤ በ1920 አንትወርፕ ላይ 16ኛ ወጣ፤ በ1924 በፓሪስ እንደገና አቋረጠ። በዚህም መካከል በትምህርት ቤት እያስተማረ ኖረ፤ የሴቶች ተማሪዎች ስፖርት እንዲስፋፋም ደከመ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢሠለጥን የአንድ ሰው ዕውቀት ሆኖ እንደሚቀር ተረዳ። ስለዚህ ብዙ ሯጮችን በአንድ ጊዜ ለማፍራት በቅብብሎሽ የሚሮጥ ረዥም ውድድር እንዲቋቋም ከጓደኞቹ ጋራ ሠራ። በ1920 በቶኪዮና በሐኮኔ ተራራ መካከል የተጀመረው ይህ ውድድር በመጀመሪያው ዓመት አራት ትምህርት ቤቶች ብቻ የተካፈሉበት ሲሆን፣ ያሸነፈውም የቶኪዮው ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበር። ውድድሩ እስከ ዛሬ በአዲስ ዓመት መግቢያ ይደረጋል፤ የጃፓንም ረዥም ርቀት ሯጮች ትውልድ ከትውልድ የወጡት በብዛት ከዚያ ነው።

በ1967 የስዊድን ሰዎች የጠፋውን ሯጭ አስታውሰው ወደ ስቶክሆልም ጠሩት። ዕድሜው 75 ዓመት የሆነው መምህር ቀሪዋን ጥቂት መንገድ በእርጋታ ሮጦ መድረሻውን አለፈ። የተመዘገበለትም ጊዜ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከሦስት ዐሥረኛ ነው። ይህ በቀልድ መልክ የተደረገ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን መምህር የሆነ ሰው በዚህ ቀልድ ውስጥ ከባድ ነገር ሊያይ ይችላል፤ የሥራችን ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለካው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነውና።

የልብ ጉዳይ

በስቶክሆልም 12ኛ የወጣው ሁለተኛው ሰው ክላረንስ ደማር የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1888 ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት በቦስተን ወደብ በሚገኝ ደሴት ላይ ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። ሥራው በማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም ነበር። ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራውም ወደ ቤቱ እየሮጠ ይመላለስ ነበርና ልምምዱ ከሥራ ሰዓት አንዲት ደቂቃ አልወሰደበትም። በ1911 ከ1897 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገውን የቦስተን ማራቶን አሸነፈ። በዚያው ወራት ግን ሐኪም ልቡን አዳምጦ እንግዳ ድምፅ ሰምቶበታልና ሩጫውን ቶሎ እንዲተው መከረው። ደማር ከስቶክሆልም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከታላላቅ ውድድሮች ርቆ፣ ሥራውንና ትምህርቱን ይዞ ቆየ።

በ1922፣ ዕድሜው 33 ሲሆን፣ ወደ ቦስተን ተመልሶ አሸነፈ። ከዚያም በ1923፣ በ1924፣ በ1927፣ በ1928ና በ1930 ደገመው፤ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ ማለት ነው። በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክም ሦስተኛ ወጣ። በ1930 ለመጨረሻ ጊዜ ሲያሸንፍ 41 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ገደማ በኒው ሃምፕሺር ግዛት በኪን ከተማ በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የኅትመት ሥራ ያስተምር ነበር።

የሚያስደንቀው ግን ከሰባቱ ድል በኋላ ያለው ነው። ደማር ማሸነፍ እንደማይችል እያወቀ መሮጡን አልተወም። በ1954፣ 65 ዓመት ሆኖት፣ የመጨረሻውን የቦስተን ማራቶን ሮጠ። በዚህ ጊዜ ስንተኛ እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በ1958 በካንሰር በሽታ ሞተ። ሐኪሞች ልቡን መረመሩና የልቡ ደም ሥሮች ከተለመደው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰፍተው አገኟቸው፤ ይህንንም በ1961 በሕክምና መጽሔት ጻፉት። ሩጫ ልብን ይጎዳል ተብሎ ይፈራ በነበረበት ዘመን፣ የዚህ መምህር ገላ ለተከታዩ ትውልድ መማሪያ ሆነ።

ሮምና ከሮም በኋላ

ከስቶክሆልም ወደ እኛ አገር የሚያመጣን መንገድ በሮም በኩል ያልፋል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአክሱም ተወስዶ በሮም ቆሞ የነበረውን ሐውልት ባለፈ ጊዜ ብቻውን ወደ ፊት መውጣቱን ሁላችንም ለተማሪዎቻችን ነግረናል፤ ሐውልቱም በ2005 ወደ ስፍራው ተመልሷል። ያልነገርናቸው ግን ሦስተኛ ስለ ወጣው ሰው አሠልጣኝ ነው። ሦስተኛው የኒው ዚላንዱ ባሪ ማጊ ሲሆን፣ ያሠለጠነው አርተር ሊዲያርድ በጫማ ፋብሪካ የሚሠራና ወተት የሚያድል ሰው ነበር። ሊዲያርድ መጽሐፍ ከማገላበጥ ይልቅ በራሱ ገላ ላይ እየሞከረ፣ ለጥቂት ጊዜ በኃይል ከመሮጥ ለረዥም ጊዜ በዝግታ መሮጥ እንደሚበልጥ አወቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም ይህንኑ ዘዴ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸው ለገፋ ሥራተኞች አስተማረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዝግታ የሚሮጠው ተራ ሰው ሁሉ ከዚያ ወገን ይቈጠራል።

አበበም በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ተመክሮ ያደገ የወር ደመወዝተኛ ወታደር ነበር። በ1961 በጃፓን ኦሳካ አሸነፈ፤ በ1964 በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመ። በ1963 ግን ከማሞ ወልዴ ጋራ ደማር ሰባት ጊዜ ባሸነፈበት በቦስተን መንገድ ሲሮጥ አምስተኛ ወጣ። ስለዚህ የአበበም ታሪክ «አንደኛ» በሚለው ቃል ብቻ አይጠቃለልም።

ይህንን ይበልጥ የሚያስረዳ የ1968ቱ የሜክሲኮ ማራቶን ነው። በዚያ ከፍተኛ ቦታ በተደረገ አንድ ሩጫ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሦስት ልጆች ሦስት ልዩ ልዩ ዕድል ገጠማቸው። አበበ እግሩ ታሞ ስለ ነበር ከ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የታንዛኒያው ጆን እስጢፋን አክዋሪ ደግሞ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ቆስሎ ነበር፤ ተጠቅልሎለት እያነከሰ፣ ከማሞ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣ መሽቶ ተመልካቹም አብዛኛው ከሄደ በኋላ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ከጨረሱት መካከል የመጨረሻው፣ ማለት 57ኛው እርሱ ነው። ለምን እንዳላቋረጠ ቢጠይቁት አገሬ የላከችኝ እንድጀምር ሳይሆን እንድጨርስ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ዛሬ የዚያን ቀን ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን ስም ብንጠየቅ ብዙዎቻችን አናውቅም፤ 57ኛውን ግን ዓለም ያውቀዋል።

ከዚህም ጋራ ጭራሽ ደረጃ የተነፈጋቸውን ማስታወስ ይገባል። ሴቶች ማራቶን መሮጥ አይችሉም ተብሎ ይታመን በነበረበት በ1966 ቦቢ ጊብ የተባለች አሜሪካዊት፣ ስሟ ሳይመዘገብ፣ በመነሻው አጠገብ ካለ ቊጥቋጦ ተደብቃ ወጥታ የቦስተንን ማራቶን ሮጣ ፈጸመች። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው፤ በኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን የተደረገው ገና በ1984 ነው። ከዚያ 12 ዓመት ብቻ ቆይቶ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ለመቈጠር ያልተፈቀደለት ሰው ምን ያህል ኃይል በውስጡ እንዳለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከታሪኩ የሚገኝ ምክር

ይህን ታሪክ ለሚያነብ መምህር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ለራሱ ነው። ለማራቶን መዘጋጀት የሚችለው ሥራ ፈት ወይም የተለየ ተሰጥዎ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ጤናውን በሐኪም ያስመረመረና አስቀድሞ ጥቂት የመሮጥ ልማድ ያለው ሰው ከአራት እስከ ስድስት ወር ቢዘጋጅ ይበቃዋል። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛ ጋራ እየተጫወቱ ለመሮጥ በሚያስችል ዝግታ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ረዥም ሩጫ ይሩጥ፤ ርቀቱንም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያድርሰው። በየጊዜውም የሚያርፍበትን ሳምንት ያስገባ። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስንቅ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማለቅ ይጀምራልና፣ በመነሻው የተጣደፈ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው እዚያ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያው ሙከራው ያቋረጠው በዚሁ ጥፋት ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከቆላው ሰው ፍጥነት ጋራ ራሱን አያስተያይ። ስለ ውሃም እንዲሁ ነው፤ በካናኩሪ ዘመን አለመጠጣት ጥንካሬ ይባል ነበር፤ በኋላ ደግሞ ሳይጠሙ አብዝቶ መጠጣት ተመከረ። በ2002 የቦስተን ማራቶን የሮጡ 488 ሰዎች ደም ተመርምሮ በ2005 በታተመው ጥናት ግን ከመቶ 13ቱ በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ዋናው ምክንያትም አብዝቶ መጠጣት ነበር። ስለዚህ የሚሻለው በጥም ልክ መጠጣት ነው። ዕውቀት ከአንዱ ስሕተት ወደ ተቃራኒው ስሕተት ዘልሎ ቀስ ብሎ ወደ መካከል እንደሚመለስ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ለትምህርት ቤቱ ነው። በአርሲ በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ከእጃቸው ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። በኬንያ በኢተን ከተማም ብራዘር ኮልም ኦኮኔል የተባሉ አየርላንዳዊ በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ መጥተው፣ የሩጫ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ተማሪዎቹን እየተመለከቱ ከእነርሱው ተምረው የኦሊምፒክ አሸናፊዎችን አሠልጥነዋል። እነዚህ መምህራን ሥራቸውን የጀመሩት አሸናፊውን ለይተው በማውጣት ሳይሆን የመንደሩን ልጅ ሁሉ ሜዳ ላይ በማሰለፍ ነው። አንደኛ የሚወጣው ከብዙዎቹ መካከል እንጂ ከባዶ ሜዳ አይበቅልም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚያስተምርበት ክፍል ከዚህ የተነሣ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ዕጩ መምህራኑ በዓመቱ መጀመሪያና በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጡ፤ ዝርዝሩም የተለጠፈው በፍጥነት ቅደም ተከተል ሳይሆን እያንዳንዱ ከራሱ የመጀመሪያ ሰዓት ባሻሻለው መጠን ነበር። በዝርዝሩ ራስ ላይ የተገኘችው በመጀመሪያው ቀን እየተራመደች የጨረሰች ልጅ ናት። በክፍሉ ከሁሉ የሚፈጥነው ወጣት ግን ስሙን ከግርጌ አግኝቶ «መምህር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ደረጃ ባይኖር የአበበንና የማሞን ድል አናውቀውም ነበር፤ ፈጣኑም ፈጣን መባሉ ፍርድ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ሁለተኛ ዝርዝር ተዘጋጅቶ በመጀመሪያው አጠገብ ተለጠፈ። ተማሪዎቹ ከሁለቱ ፊት ቆመው አንዱን ካነበቡ በኋላ ሌላውን ሲያነቡ ማየት ከማንኛውም የትምህርት ዘዴ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቶናል። በውጤት ካርዳችንም ላይ እንዲሁ ቢሆን ምን ይጎዳል? ደረጃው በቦታው ይቀመጥ፤ በአጠገቡ ግን ልጁ ከአምናው ራሱ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚጻፍበት አንድ መስመር ይከፈት። አንድ መስመር ብዙ ቀለም አይፈጅም።

ዕጩ መምህራኑ ላቀረቡት ጥያቄ ዛሬ መልስ መስጠት ይቻላል። ካናኩሪ ቁጥር አልነበረውም፤ አንድ አገር ሙሉ ሯጭ አስተምሮ አለፈ። አክዋሪ 57ኛ ነበር። የእናንተም መምህር ስንተኛ እንደ ወጣ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ሙከራው ግን በ12 ኪሎ ሜትር በልጧል። ወደ ፊት በየመንደሩ ተሰማርታችሁ ስታስተምሩ፣ ካርዱን ይዞ በሩ ላይ የሚቆመውን ልጅ ስንተኛ መውጣቱን ከጠየቃችሁት በኋላ፣ ይህንንም ሁለተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቁት አታሰናብቱት።